የሥራ ውል (ኢትዮጵያ)

የሥራ ውል ማለት አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው ለሌላ ሰው ወይም ድርጅት፣ በዚያው ሰው ወይም ድርጅት መሪነት፣ ሥራ ለመሥራት የሚገባው ስምምነት ነው። በኢትዮጵያ ይህን ግንኙነት በዋናነት የሚገዛው ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ የሥራ ውል በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሊደረግ እንደሚችል ይቀበላል። ሆኖም በቃል የቀጠረ አሠሪ በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ጽሑፉ ባይሰጥም ሠራተኛው በአዋጁ ያገኛቸውን መብቶች አያጣም።

በአገሪቱ ብዙ ሰው የሚቀጠረው በቃል ነው። በጋራዥ፣ በምግብ ቤት፣ በግንባታ ቦታና በሱቅ «ሰኞ ግባ» ተብሎ ሥራ መጀመር የተለመደ ነው። ጭቅጭቅ ሲነሳ ደግሞ «ውል የለህም፣ መብት የለህም» የሚል ንግግር ይሰማል። ይህ አነጋገር ከሕጉ ጋር አይገጥምም። ምክንያቱም ከዚህ በታች ተብራርቷል።

ታሪካዊ አመጣጥ

የቅጥር ግንኙነትን በዘመናዊ መልክ በሰፊው የደነገገው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ ዛሬም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለማይሸፍናቸው ሠራተኞች ያገለግላል። በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ለሠራተኛ ማኅበራትና ለኅብረት ድርድር ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። ከአብዮቱ በኋላ አዋጅ ቁጥር 64/1968፣ ከዚያም በሽግግሩ ዘመን አዋጅ ቁጥር 42/1985 ተተኩ። ቀጥሎ የመጣው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ሠርቶ ቦታውን ለአሁኑ አዋጅ ለቋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 ስለ ሠራተኞች የመደራጀት፣ የመደራደር፣ የዕረፍትና ጤናማ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት ይናገራል።

አዋጁ የሚመለከታቸውና የማይመለከታቸው

አዋጁ በግል ድርጅቶች፣ በመንግሥት የልማት ድርጅቶች፣ እንዲሁም በሌሎች አሠሪዎች ዘንድ ያለውን የቅጥር ግንኙነት ይሸፍናል። የመከላከያና የፖሊስ አባላት፣ ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎችና በመንግሥት አስተዳደር መሥሪያ ቤት የተቀጠሩ ሰዎች በየራሳቸው ልዩ ሕግ ይተዳደራሉ። በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ሥራ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ የራሱ ወርክሾፕ ያለው አናጢ፣ ሠራተኛ አይባልም።

የሥራ መሪዎችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው። ይሁን እንጂ «ኃላፊ» የሚል ማዕረግ መያዝ ብቻውን አንድን ሰው የሥራ መሪ አያደርገውም። የሚታየው የሚሠራው ሥራ ነው፤ ማለትም በሕግ ወይም በአሠሪው ውክልና ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን አለው ወይ የሚለው ነው። አስተዳደር ነክ ጉዳዮችን በራሱ አመዛዝኖ ለአሠሪው የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ ባለሙያም በዚሁ ውስጥ ይገባል። ሁለት ሰው የሚያዝ የመጋዘን ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ገንዘብ ያመጣል። የሥራ መሪ የተባለ ሰው በአዋጁ የተቀመጡትን የካሣና የስንብት ስሌቶች መጥቀስ አይችልምና።

የቤት ሠራተኞች ጉዳይ የሕጉ ደካማ ጎን ነው። አዋጁ ትርፍ ለማግኘት ያልታሰበ የግል አገልግሎትን ከሽፋኑ አውጥቶ፣ የሥራ ሁኔታቸው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስለዚህ በሰው ቤት እየኖረች የምትሠራ ልጅ ከአዋጁ ይልቅ ከስልሳ ዓመት በፊት የተጻፉትን የፍትሐ ብሔር ሕጉን ጥቂት አንቀጾች ለመጥቀስ ትገደዳለች።

የውሉ ይዘት

በአንቀጽ 4 መሠረት የሥራ ውል ተዋዋዮቹ መብታቸውና ግዴታቸው ምን እንደሆነ ሳይጠራጠሩ እንዲያውቁት ሆኖ በግልጽ መደረግ አለበት። የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠን፣ ስሌቱን፣ የሚከፈልበትን ሁኔታና ጊዜ፣ እንዲሁም ውሉ የሚቆይበትን ጊዜ መግለጽ ይኖርበታል። ውሉ በጽሑፍ ሲሆን አንቀጽ 6 በዚህ ላይ የአሠሪውን ስምና አድራሻ፣ የሠራተኛውን ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ ካለም የሥራ ካርድ ቁጥሩን፣ በመጨረሻም የሁለቱን ፊርማ ይጨምራል። ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ውል «ሳይጠራጠሩ እንዲያውቁት» የሚለውን መመዘኛ ያሟላል ማለት ይከብዳል።

ከሁሉም የሚበልጠው ድንጋጌ ውሉ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ከተሰጠው ያነሰ መብት ለሠራተኛው ሊወስን አይችልም የሚለው ነው። ሠራተኛው «የዓመት ፈቃድ አልጠይቅም» ወይም «በቀን 12 ሰዓት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እሠራለሁ» ብሎ ቢፈርም ፊርማው አያስረውም። መደበኛ የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ተወስኖ፣ ክፍያው በመደበኛ ቀን አንድ ተኩል፣ በሌሊት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። እነዚህ ወለሎች ናቸው፤ ውል ከእነሱ በላይ እንጂ በታች አይሄድም።

ደመወዝን በተመለከተ ግን አዋጁ በብር የተቆረጠ ወለል አላስቀመጠም። ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ብቻ ደንግጓል። በዚህ የተነሳ ስንት ብር ተስማሙ የሚለው ጥያቄ በወረቀት ላይ መስፈሩ ከሌሎቹ ነጥቦች ሁሉ ይልቅ ይጠቅማል። የዓመት ፈቃድ በውሉ ባይጻፍም ሕጉ ይሞላዋል፤ ያልተጻፈ ደመወዝን ግን ሕጉ ከየትም አያመጣውም።

በጽሑፍ ያልተደረገ ውል

አንቀጽ 5 በሕግ በተለየ ሁኔታ ካልተደነገገ በቀር የሥራ ውል በተለየ ቅርጽ እንዲደረግ አያስገድድም። አንቀጽ 7 ቀጥሎ፣ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በአንቀጽ 6 የተዘረዘሩትን ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሠራተኞች የማያስተውሉት ነጥብ አለ። ሠራተኛው ጽሑፉን ተቀብሎ በ15 ቀን ውስጥ በሙሉ ወይም በከፊል ካልተቃወመው፣ ያ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል እንደተደረገ የሥራ ውል ይቆጠራል። በቃል 9,000 ብር ተባብለው በወረቀቱ ላይ 7,000 ብር ተጽፎ ከተገኘ ዝም ማለት አደገኛ ነው። ተቃውሞው በጽሑፍ ቢሆንና ሠራተኛው የተቀባዩ ፊርማ ያለበትን ቅጂ ቢያስቀር በኋላ ለማስረዳት ይቀለዋል።

ጽሑፉ ጨርሶ ካልተሰጠ አንቀጽ 8 ይመጣል። ይህ አንቀጽ የአንቀጽ 6 እና 7 ሁኔታዎች አለመሟላታቸው ሠራተኛውን በአዋጁ የተሰጡትን መብቶች እንደማያሳጣው ይናገራል። ስለዚህ በቃል የተቀጠረ ሠራተኛ የጎደለው ማስረጃ እንጂ መብት አይደለም። በክርክር ጊዜ ጥያቄው «የቅጥር ግንኙነት ነበር ወይ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በስንት ደመወዝ?» ወደሚለው ይወርዳል። ይህንንም በምስክር፣ በፔሮል፣ በመገኛ ፊርማ መዝገብ፣ በመታወቂያ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር የገንዘብ ዝውውር ማሳየት ይቻላል። የጡረታ መዋጮ ጠንካራ ማስረጃ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሥርዓት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉና፣ መዋጮው የገባበት መዝገብ አሠሪው ራሱ ለመንግሥት ያሳወቀው ደመወዝ ነው። ደግሞም በዚሁ መዝገብ ላይ አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ ደመወዝ ተመዝግቦ ይገኛል። ሠራተኛው ግብሩና መዋጮው ቀነሰልኝ ብሎ ደስ ቢለውም፣ የጡረታ አበሉም የሚሰላው በዚያው ባነሰው ቁጥር ነው።

አሠሪው በበኩሉ የሠራተኛውን ዝርዝር፣ የዕረፍትና የፈቃድ ቀናት፣ የጤንነት ሁኔታና የደረሰ ጉዳት የሚመዘገብበት መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ፣ ሥራውን ሳይለቅም ቢሆን፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። የጽሑፍ ውል የሌለው ሰው ይህን ወረቀት በሰላሙ ጊዜ ቢጠይቅ ከክርክር በኋላ ከመጠየቅ ይሻለዋል።

የሙከራ ጊዜ

ለሙከራ የሚደረግ ቅጥር ግን በቃል አይሆንም። አንቀጽ 11 የሙከራ ስምምነት በጽሑፍ እንዲሆንና ሠራተኛው ከተቀጠረበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በቀድሞው አዋጅ ጊዜው 45 ተከታታይ ቀን ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ያህል ስለሚሆን፣ አዲሱ ድንጋጌ ለአሠሪዎች የተደረገ ግልጽ ማሻሻያ ነው። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሌሎቹ መብቶች ሁሉ አሉት፤ ነገር ግን ለሥራው ብቁ አይደለም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሣ ሊሰናበት ይችላል። እሱም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ጊዜው አልፎ ሥራው ከቀጠለ ውሉ ከሙከራው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እንደጸና ይቆጠራል። ያንኑ ሰው ለዚያው ሥራ እንደገና ቀጥሮ ሙከራ ማስገባት አይፈቀድም።

ቋሚና ጊዜያዊ

በንግግር «ቋሚ» እና «ኮንትራት» የሚባሉት በአዋጁ ላልተወሰነ ጊዜ እና ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ የተደረገ ውል ይባላሉ። መነሻው ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ መገመቱ ነው። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ብቻ ነው። ከእነዚህም ሠራተኛው የተቀጠረበት ሥራ የሚያልቅ ሲሆን፣ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሰው ለመተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ብዛት ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ አደጋ ለመከላከል፣ እንደ ቡና ለቀማ ያለ ወቅታዊ ሥራ ሲኖር የሚሉት ይገኙባቸዋል። በድንገት ለዘለቄታው የተለቀቀን ቦታ ለጊዜው መሸፈን ወይም መዋቅር ተጠንቶ እስኪተገበር ድረስ ሰው ማስቀመጥ ደግሞ ከ45 ተከታታይ ቀን ሳይበልጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር፣ ወረቀቱ ላይ «ለአንድ ዓመት» ተብሎ መጻፉ ብቻ ውሉን ጊዜያዊ እንደማያደርገው ነው። ሥራው የድርጅቱ የዘወትር ሥራ ከሆነና በአንቀጽ 10 ከተዘረዘሩት በአንዱ ካልወደቀ፣ በየዓመቱ የሚታደስ ወረቀት የሥራውን ባሕርይ አይለውጠውም። በዚህ ነጥብ ላይ ወረቀቱ ራሱ ሠራተኛውን ሊያሳስት የሚችልበት ሁኔታ አለ።

ኤጀንሲ በኩል ወደ ሌላ ድርጅት የሚላኩ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ውላቸው ከኤጀንሲው ጋር ነው። የሚሠሩበት ድርጅት ስም በመግቢያ መታወቂያው ላይ ቢኖርም አሠሪያቸው የፈረመላቸው ኤጀንሲ ነው።

ዋስ ወይም ተያዥ

ገንዘብ ያዥ፣ ሾፌር፣ የመጋዘን ሠራተኛና የሽያጭ ሠራተኛ ሲቀጠሩ ዋስ መጠየቅ የቆየ ልማድ ነው። የሚገርመው፣ የሥራ ውሉ በቃል ሊሆን ሲችል የዋስትናው ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና አይገመትም፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸም ዋስትናው ዋጋ የለውም። «ለሚያጠፋው ሁሉ እጠየቃለሁ» ብሎ ብቻ ለወንድሙ ወይም ለጎረቤቱ የፈረመ ሰው ይህን ድንጋጌ ማወቁ ይበጀዋል።

ውልን ስለ መለወጥ

በአዋጁ ያልተወሰኑ የውሉ ሁኔታዎች ሊሻሻሉ የሚችሉት በኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ ወይም በተዋዋዮቹ የጽሑፍ ስምምነት ነው። አሠሪው ብቻውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሚለጥፈው ወረቀት ደመወዝ መቀነስ አይችልም። ድርጅቱ ቢሸጥ፣ ከሌላ ቢዋሐድ ወይም ቢከፈል የሥራ ውሉ አይለወጥም፤ አዲሱ ባለቤት ሠራተኛውን ከነአገልግሎት ዘመኑ ይረከባል። ባለቤቱ ስለተለወጠ ብቻ «ሁላችሁም አዲስ ውል ፈርሙ» ሲባል፣ አዲሱ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የቅጥር ቀን በጥንቃቄ መታየት ያለበትም ለዚህ ነው።

ውል ሲቋረጥ የሚያስፈልጉ ጽሑፎች

አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ መስጠት አለበት። በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ ወይም በድምሩ አምስት ቀን መቅረት ለስንብት ምክንያት የሚሆነውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ ብቻ ነው። አሠሪው የስንብቱን ምክንያት ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ካሳለፈ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል።

በማስጠንቀቂያ ለሚቋረጥ ውል ጊዜው የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሦስት ወር ነው። ሠራተኛው ሲለቅ 30 ቀን አስቀድሞ ያሳውቃል። በስምምነት ሲለያዩ ስምምነቱ ሠራተኛውን የሚያስረው በጽሑፍ ከሆነ ብቻ ነው፤ በዚያም ቢሆን በሕግ ያለውን መብት መተዉ ዋጋ አይኖረውም።

ለሠራተኛው የሚገባው ገንዘብ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊያዝበት ይችላል።

የገንዘቡን መጠን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ላልተወሰነ ጊዜ ተቀጥሮ፣ የቀን ደመወዙ በአማካይ 300 ብር ሆኖ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሰው ያለ ሕጋዊ ምክንያት ተሰናበተ እንበል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 9,000 ብር ነው። ለቀሩት አምስት ዓመታት በየዓመቱ የዚህ ሲሶ፣ 3,000 ብር እየተጨመረ ድምሩ 24,000 ብር ይደርሳል። ጠቅላላው ከአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ አይበልጥም። ወደ ሥራው ካልተመለሰ ካሣው የ180 ቀን ደመወዝ፣ 54,000 ብር ሲሆን፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ሁለት ወርም ይታሰብለታል። የአገልግሎት ዘመኑን ማስረዳት ያልቻለ ሰው በዚህ ስሌት ላይ የሚያጣው በዓመት 3,000 ብር ነው።

ክርክርና ይርጋ

የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል፤ ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። በተግባር ብዙ ሰው የሚወድቀው በይርጋ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር፣ ከውል መቋረጥ የሚመጣ ክፍያም በስድስት ወር ይታገዳል። «ሥራ አስኪያጁ ሲመለስ እናየዋለን» የሚል የቃል ተስፋ ቆጠራውን አያቆምም። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ግን ይርጋው ይቋረጣል።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው 1246/2013 ይተዳደራሉ። በዚህ ዘርፍ የቃል ውል ቦታ የለውም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ዘንድ መጽደቅና መመዝገብ አለበት። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ጉዞ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ሲሆን፣ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራን የመሰሉት በሠራተኛዋ ላይ ይወድቃሉ። ውሉ ሲጣስ ኤጀንሲው ከውጭው አሠሪ ጋር በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ከተወረደ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከተፈረመው የተለየ፣ በዐረብኛ የተጻፈና ደመወዙ ያነሰ ሌላ ወረቀት ቀርቦ ፈርሚ ይባላል። ፓስፖርቱም ሻንጣውም በአሠሪው እጅ ሲገባ የመጀመሪያው ውል አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቅጂ ቤተሰብ ዘንድ መተው፣ ፎቶውንም በስልክ መላክ በተጓዦች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። በኤጀንሲው ላይ አገር ቤት ክስ የሚመሠርቱት ዘመዶች ይዘው የሚቀርቡት ይህንኑ ቅጂ ነው።